ሁለተኛ ዓይን

ነገሩ የገባው እሁድ ምሳ ላይ ነው።

የሚስቱ አባት ጆጉን አንስተው ለልጅ ልጃቸው ውሃ ቀዱላት። ውሃው ከብርጭቆው ጎን ጠረጴዛው ላይ ወረደ። ሽማግሌው አላቆሙም። የሞላ ሲመስላቸው ጆጉን ቀስ አድርገው አስቀመጡና «ጠጪ፣ የኔ እመቤት» አሏት።

ልጅቱ ባዶውን ብርጭቆ አየች። ቀጥላ አያቷን አየች። ልትስቅ አፏን ስትከፍት እናቷ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቷን ጫን አደረገችው። የሚስቱ እናት ከወንበራቸው ሳይነሡ ጨርቅ ስበው ውሃውን አበሱ፤ በሌላ እጃቸው ብርጭቆውን ሞሉት። ወሬው ስለሚያፈስ የጎረቤት ጣሪያ ነበር፤ ቃል ሳይጎድልበት ቀጠለ።

እሱ ግን ማንኪያውን አስቀመጠ። ያስደነገጠው ውሃው አይደለም፤ ጨርቁ ነው። ተሰናድቶ፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ ተጣጥፎ የተቀመጠ ጨርቅ ነበር። ሲፈስ የመጀመሪያው አይደለም ማለት ነው።

የሚስቱ አባት ከርሱ ጋር በአንድ ወርክሾፕ ነው የሚሠሩት። የሚሠሩትም ለጄት ነው።

አገሩ ተዋጊ ጄት ሊገዛ ሲነሣ ዋጋው የማይቀመስ ሆነበት። ስለዚህ ሦስት አገሮች ገንዘብና እውቀት አዋጥተው አንድ አዲስ ጄት በጋራ ሊሠሩ፣ ሠርተውም ሊካፈሉ ተፈራረሙ። አንዱ ሞተሩን ወሰደ። አንዱ ክንፉንና አካሉን ወሰደ። ለነሱ የደረሳቸው ሽቦ ነው። በጄቱ ሆድ ውስጥ የሚዘረጋውን ሽቦ ቆርጦ፣ ገፎ፣ በነዶ በነዶ አስሮ መላክ። ቀድሞ የአውቶቡስ ሽቦ ሲጠግን የኖረው ወርክሾፕ ግድግዳው ተቀባ፣ ወለሉ ተወለወለ፣ ሠራተኛው ነጭ ካፖርት ለበሰ።

«እነሱ ሥጋውን ተካፈሉ፣ ለኛ ጅማቱን ጣሉልን» አለች ያን ሰሞን አንዷ ሠራተኛ። ከወሬዋ ብዛት ሬዲዮ ነው የሚሏት።

«ጅማት የሌለው ሥጋ ቆሞ ሲሄድ አይተሻል?» አሏት ጋሼ።

ጋሼ የሚስቱ አባት ናቸው። ወርክሾፑ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እሱም ጭምር። አማቻቸው ከመሆኑ በፊት ተማሪያቸው ነበር። ምላጭ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሽቦ እንዴት እንደሚገፈፍ ያሳዩት እሳቸው ናቸው። ሙያውንም ልጃቸውንም የሰጡት እሳቸው ናቸው።

ከማሽኑና ከነጩ ካፖርት ጋር አንድ ደንብ መጣ። ሽቦ የገፈፈ ሰው የገፈፈውን ራሱ አያጸድቅም፤ ሌላ ሰው ያየዋል። ያ ሰው በደንቡ «ሁለተኛ ዓይን» ይባላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሽቦው ላስቲክ ሲገፈፍ ምላጩ ትንሽ ጠለቅ ካለ የመዳቡን ክር ይጭራል። የተጫረ ክር ዛሬውኑ አይበጠስም። መብራት ያሳልፋል፤ የፍተሻ ማሽኑም ደህና ነው ይላል። ጄቱ ሲንቀጠቀጥ ሲሰነብት ግን አንድ ቀን ይበጠሳል። ጭረቱን የሚይዘው የሰው ዓይን ብቻ ነው፤ ያውም ነዶው ታስሮ ከመሸፈኑ በፊት። ከተሸፈነ በኋላ ማንም አያየውም። ለዚህ ነው በየነዶው ጫፍ ሁለት ማኅተም ጎን ለጎን የሚመታው፤ አንዱ የገፋፊው፣ አንዱ የሁለተኛ ዓይን።

ሁለተኛ ዓይን እሱ ነው። ግንባሩ ላይ በሚያስረው መነጽር የተነሣ አጉሊ ብለውታል።

በሥራው መጀመሪያ የጋሼን ነዶ ሊያይ ጎንበስ ሲል ወርክሾፑ ጸጥ አለ። የሁሉም ምላጭ ቆመ። ሬዲዮም ተዘጋች። ጋሼ እጃቸውን አጣጥፈው «እንግዲህ ፈተና ላይ ነኝ» አሉ። «አለፍኩ ወይስ ክፍሉን ልድገም?»

ሰዉ ሳቀ። እሱን ላብ አጠመቀው። እያየ ሳያይ ማኅተሙን መታ።

«ደግ አደረግህ» አለችው ሬዲዮ በኋላ። «ያስተማረህን ሰው ፊቱ ቆመህ ልመርምርህ ብትለው፣ ዓይኑን በጨው ያጠበ ብዬ ነበር የማወራብህ።»

ከዚያ ወዲህ ዘዴ ለመደ። የጋሼ ነዶ ሲመጣ መነጽሩን ወደ ዓይኑ ያወርዳል፤ ጎንበስ ይላል፤ ሽቦውን ቀስ እያለ ያገላብጣል። ዓይኑን ግን ከመነጽሩ በላይ አሻግሮ ወደ መስኮቱ ይልካል። ውጪ የአጥሩ ግንብ አለ፤ ግንቡ ላይ የዘበኛው ድመት ትተኛለች። ድመቷን በቂ ጊዜ ካየ በኋላ ማኅተሙን ይመታል። የሌሎቹን ሥራ ክር በክር ያያል፤ የሬዲዮን በአንድ ሳምንት ስንቴ መልሶባት አኩርፋዋለች። የጋሼን አያይም። ይህን ማጭበርበር ብሎ አስቦት አያውቅም። አስተዳደግ ነው የሚለው።

አንድ ቀን ጄቱን የሚሞክረው አብራሪ ክንፉን ከሚሠራው አገር መጥቶ ነበር። አጠር ያለ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ከዚያው አገር ተልካ በወርክሾፑ የምትሠራው መሐንዲስ ታስተረጉምለት ነበር። እሷን፣ ከርመውም ቢለምዷት፣ እንግዳዋ ነው የሚሏት። ቋንቋውን ከመጽሐፍ ተምራ መጥታ ሥራ አስኪያጁን «አንተ»፣ የዘበኛውን ድመት «እርስዎ» ስትል ሰው በሳቅ ሲፈርስ ከርሟል።

«የኔ ወንበር ሽቦ የቱ ነው ይላል» አለች።

አደጋ ሲመጣ የአብራሪው ወንበር እሱን ይዞ ከጄቱ ይስፈነጠራል። ለወንበሩ «ውጣ» የሚለውን ትእዛዝ የሚያደርሰው አንድ ነዶ ነው። ነዶው ታስሮ፣ ሁለቱ ማኅተም ተመቶበት ጋሼ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አብራሪው እንደ ሕፃን ጀርባ መታ መታ አደረገውና ወደ አጉሊ ዞረ። አጉሊ ማኅተሙን በጣቱ አሳየው። አብራሪው እጁን በሁለት እጁ ጨበጠው።

ያን ነዶ ሲያጸድቅ ያየው ድመቷን ነው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰበሰበ። ጄቱ ሐሙስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊበር ነው። ሦስቱም አገሮች በቴሌቪዥን ያሳዩታል፤ የነሱ ወርክሾፕም ስሙ ይነሣል።

«ጅማታችን ሊበር ነው» አለች ሬዲዮ። ሰው አጨበጨበ። ጋሼ ከሁሉም ፊት ቆመው፣ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ወደመጣበት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያጨበጭቡ ነበር። እሱ ግን ከነበረበት ተንቀሳቅሶ ወደ ሌላው ጎን አልፎ ነበር። ጋሼ ያጨበጨቡት ሰውየው ለሌለበት ቦታ ነው። አጉሊ ይህን አየ፤ እጁ መሃል መንገድ ላይ ቀረ።

ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ እሱ ቀረ። ወደ ጋሼ ጠረጴዛ ሄደ። ጠረጴዛው ተለውጧል፤ ዛሬ ገና ነው ያስተዋለው። መብራቱ እጅን እስኪያቃጥል ድረስ ወርዷል። ምላጩ፣ መቆንጠጫው፣ ማሰሪያው ክር፣ ሁሉም በየጉድጓዱ ተደርድሯል፤ ሳያዩ በዳሰሳ የሚነሣ ነው። መነጽሩን አወረደ። የተገፈፉትን ሽቦዎች አንድ በአንድ አነሣ።

የመጀመሪያው ንጹሕ ነው። ሁለተኛውም። ልቡ መለስ አለ፤ በራሱ ላይ ሳቅ ሊቃጣውም ነበር። ቀጣዩን አነሣ። መዳቡ ላይ ጥርስ የነከሰው የሚመስል ጭረት አለ። ሌላ አነሣ፤ አንድ ክር ከነጭራሹ ተቆርጦ ከላስቲኩ ሥር ተደብቋል። ሌላ ንጹሕ። ሌላ ጭረት። የጋሼ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። መነጽሩ ዓይኑ ላይ እንዳለ ወደ በሩ ሲያይ በሩ ሰፊና የደበዘዘ ሆኖ ታየው።

ማታ ሚስቱ የታጠበ ልብስ ስታጥፍ አጠገቧ ቆመ።

«የአባትሽን ነገር ታውቂያለሽ?»

እጇ አልቆመም። «እናቴ ጨውና ስኳሩን አራርቃ ማስቀመጥ ከጀመረች ቆይታለች።»

«እና ዝም?»

«ምን ልበል? ‹አባዬ፣ ታውረሃል› ልበለው? እሱ እንዳላወቅን ያስባል፤ እኛም እንዳላወቅን ሆነናል። ቤቱ በዚያ ነው የቆመው።» ሸሚዙን አንገቱን ይዛ አራገፈችው። «አንተስ ዛሬ ምን አስነሣህ?»

«ሐሙስ ሰው ሊበርበት ነው።»

«ማሽን ይፈትሸው የለ?»

«ማሽኑ አያየውም። የማየው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አይተኸው የለ?» አለችና ቀና አለች። ፊቱን ስታይ ሸሚዙን ከነእጇ ጭኗ ላይ ጣለችው። «በሰው ፊት እንዳታዋርደው ብቻ» አለች።

ማክሰኞ ጠዋት የወርክሾፑ በር እስኪከፈት ጋሼ እንደ ወትሮው የግንቡ ጥግ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ሌላ ሰው ገና አልመጣም። አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ዓይንዎን እንዴት ነው?»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን አሹ። «ውሃው ከብርጭቆው ውጪ ነበር፣ አይደል?»

«አውቀውታል?»

«ጨርቁን ሰማሁት። ሚስቴ ስታብስ ትንፋሿን ትይዛለች፤ እንዳልሰማ ብላ። እኔም ላለማሳፈር ብዬ ዝም እላለሁ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ክረምቱ ካለፈ። ጭጋግ ነው። ዳር ዳሩ ደህና ነው፤ መሃሉ ጭጋግ።»

«ታዲያ ሥራውን ለምን አልተውም አሉ?»

«ለምን እተዋለሁ?» ጋሼ የገረማቸው መሰሉ። «አንተ እያለህ? መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፤ ዛሬ ይመልስልኛል፣ ነገ ይመልስልኛል ብዬ። ጎንበስ ትላለህ፣ ታገላብጣለህ፣ ጊዜ ወስደህ ታያለህ። አንድም አልመለስክም። እጄ ገና አልከዳኝም ማለት ነው አልኩ። ለማንም ብትራራ በሥራ ለኔ አትራራም፤ እኔ አይደለሁ ያስተማርኩህ? የምሠራው ባንተ ዓይን ነው፣ ልጄ።»

አጉሊ ቀና ብሎ ድመቷ የምትተኛበትን ግንብ አየ።

«ትናንት ጠረጴዛዎን አየሁ» አለ። «ጭረት አለ። ብዙ ነው።»

«ትናንት?»

«አዎ።»

«ትናንት ምን ልዩ ቀን ነው?» አሉ ጋሼ። ፊታቸው ቀስ እያለ ሲለወጥ አየው፤ መጀመሪያ ግንባራቸው፣ ቀጥሎ አፋቸው። ፊታቸውን ከርሱ አዞሩ። ዞረውም የሚያዩት ነገር አልነበረም።

«የወንበሩስ?» አሉ።

«እሱንም አላየሁትም።»

«መነጽሩን አውርደህ ነበር።»

«አውርጄ ነበር።»

ጋሼ ለረጅም ጊዜ የግንቡን ልስን በጥፍራቸው ፋቁ። «ያኔ ‹ልድገም ወይ› ብዬ የቀለድኩት ነው?» አሉ። «ለሳቅ ነበርኮ። ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኛል።» ከዚያ ተነሡ። «በል ሂድ። በሩ ሲከፈት ቀጥ ብለህ እንግዳዋ ጋ ግባ። ዓይኔ እንደጠፋ ንገራት። ያ አብራሪ ልጅ በዚህ ወንበር አይበርም።»

«የኔንስ?»

«ያንተን እዚያው ዋጠው። ከአንድ ቤት ሁለት ሰው አይባረርም። ልጄንና ልጇን ማን ያበላል?»

እንግዳዋ ቢሮዋ ውስጥ ሻይዋን እያማሰለች ነበር። ቆሞ ነገራት። የጋሼ ዓይን መድከሙን፣ በገፈፉት ሽቦ ላይ ጭረት መኖሩን፣ የወንበሩም ነዶ የሳቸው መሆኑን። ማንኪያዋ ቆመ። ስልኩን አንስታ በራሷ ቋንቋ ተናገረች፤ ድምፅዋ እየጎላ ሄደ። ስልኩን ስትዘጋ ሐሙስ በረራ አልነበረም።

«ወንበሩን ይፈቱታል። ነዶው ወደዚህ ይመጣል» አለች። «አንተ ግን… ያንተ ማኅተም አለበት።»

«አመለጠኝ» አለ።

ቃሉን በአፏ ውስጥ አገላበጠችው። «አመለጠኝ። ይህን ቃል አውቀዋለሁ። የሚያመልጥ ነገር መጀመሪያ በእጅ ነበር፣ አይደል? ወፍ ያመልጣል። ሌባ ያመልጣል።»

አጉሊ ዓይኑን ወደ ውጪ ላከ።

«እኔ የምቀመጥበት የመስታወት ክፍል ከጠረጴዛህ ፊት ለፊት ነው» አለች። «የጋሼ ሥራ ሲሆን ዓይንህ ሁልጊዜ ውጪ ነው። ገና ስመጣ ነው ያየሁት። ልነግርህ አሰብኩ፤ ግን በዚያን ሰሞን ለጋሼ ‹አንተ› ብዬ ሁሉም ሳቀብኝ። ከዚያ እናንተን መምሰል ፈለግሁ። ይሉኝታ የምትሉትን ቃል ተማርኩ፤ በኛ ቋንቋ የለም። ተማርኩትና ዝም አልኩ።» ሻይዋን ገፋችው። «የኔን እኔ እናገራለሁ። ያንተን አንተ ተናገር።»

ነዶው በሳጥን ታሽጎ ሲመለስ ከሦስቱም አገር የመጡ ሰዎች የስብሰባ ክፍሉን ሞሉት። ሥራ አስኪያጁ ሌሊት እንዳልተኛ ከዓይኑ ያስታውቃል። ሞተሩን ከሚሠራው አገር የመጣ አንድ ራሰ በራ ሰው ከላይ ተቀመጠ። ጋሼ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቁልፉን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ገቡ። አጉሊ ጎናቸው ተቀመጠ።

አንድ ባለሙያ ሽፋኑን ቀደደ፤ ማሰሪያዎቹን በጠሰ። እያንዳንዱን ሽቦ በካሜራ ሥር ሲያደርግ ምስሉ ግድግዳው ላይ ይወጣል። ፀጉር የሚያክለው የመዳብ ክር እዚያ ላይ የሰው ክንድ ያክላል።

«ምን ያሳያል?» አሉ ጋሼ በሹክሹክታ።

«ንጹሕ ነው።»

«አሁንስ?»

«ንጹሕ።»

ባለሙያው ሌላ አነሣ። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ወሬ ሁሉ ቆመ። ጋሼ ጆሯቸውን አቀኑ። «ምን ሆነ?»

«ጭረት ነው፣ ጋሼ።»

«ይታያል?»

«ይታያል።»

«ከበሩ ሆኖም ይታያል?»

«ከበሩም።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ዋጋ የተነገረው ገዢ ይመስሉ ነበር።

ራሰ በራው ሰው ሁለቱን ማኅተሞች አሳየና ጠየቀ፤ እንግዳዋ ተረጎመች። «የገፈፈው ተሳስቷል። ይህ ይሆናል። ሁለተኛው ሰው ግን ይህን እንዴት አላየም?»

አጉሊ አፉን ከመክፈቱ በፊት ጋሼ ተነሡ።

«አይቶታል» አሉ። «ሲያየው ደህና ነበር። እሱ ካየና ማኅተሙን ከመታ በኋላ እኔ ፈታሁት። መሃሉ ላይ የላላ ሽቦ ያለ መስሎኝ እንደገና ገፈፍኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማንም አይደለም።»

እንግዳዋ ቃል በቃል ተረጎመች። በፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። በክፍሉ ግን ነፋስ የገባ ያህል ሰው ተነፈሰ። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ራሰ በራው ሰው ከጎኑ ካሉት ጋር ተመካከረና ተናገረ፤ እንግዳዋ በዝግታ ተረጎመች።

«እንዲህ ከሆነ ጥሩ ነው ይላል። ደንቡ አልተበላሸም፤ አንድ ሽማግሌ ደንቡን ጥሷል። ስለዚህ ተሠርተው የቆሙትን የሌሎቹን ጄቶች ወንበር መፍታት አያስፈልግም። ጋሼ ይሰናበታሉ፤ ሥራው ይቀጥላል።» ይህን ብላ አጉሊን አየችው።

ጋሼ ተቀምጠዋል። በጠረጴዛው ሥር በጉልበታቸው ጉልበቱን ጫን አደረጉት።

አጉሊ የግድግዳውን ምስል አየ። ሌሎቹ ጄቶች የት እንደቆሙ አያውቅም፤ እዚያ በማያውቀው አገር በሰፊ አዳራሽ ተደርድረው ይሆናል። በያንዳንዱ ወንበር ሥር አንድ ነዶ አለ። ነዶዎቹ ሲያልፉ ምን እንዳየ ሊያስታውስ ሞከረ። ድመቷ አንዴ ልጆቿን ይዛ ነበር። አንዴ ዝናብ ዘንቦ ግንቡ ባዶ ነበር። ሁሉንም ያስታውሳል። ከመዳቡ አንዲት ክር አያስታውስም።

ተነሣ።

«አላየሁትም» አለ።

«ያመለጠህ ማለት ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ ፈጠን ብሎ። ገመድ እየጣለለት ነበር።

«አላመለጠኝም። ጋሼም አልፈቱትም፤ እኔን ሊያድኑ ነው። መነጽሩን አውርጄ፣ ሳላይ ማኅተም መታሁ።»

«ይህን ነዶ?»

«እሳቸው የሠሩትን ሁሉ። ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

«ለምን?» አለ ራሰ በራው ሰው፤ ይህን አንድ ቃል በነሱ ቋንቋ ያውቀው ነበር።

አጉሊ አሰበ። ትክክለኛው መልስ አጭር ነበር፤ በአፉ ሲይዘው ግን የልጅ ነገር መሰለው። «አፍሬ» አለ።

እንግዳዋ ተረጎመችው። ከዚያ ቆማ በእንግዶቹ ቋንቋ ረጅም ነገር ተናገረች፤ ስትጨርስ ለሥራ አስኪያጁና ለጋሼ በነሱ ቋንቋ ደገመችው። «እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ። ይህንንም ጻፉት።» ራሰ በራው ሰው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሁሉም ጄቶች እንዲፈቱ፣ ወርክሾፑም እስኪጣራ እንዲዘጋ ያን ቀን ተወሰነ። ሽቦው ለሌላ አገር ይሰጥ ይሆናል አሉ። የተረጋገጠ ነገር አልነበረም።

አጉሊ ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ አስረከበ። ወደ ውጪ ሲወጡ ሠራተኞቹ በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ቆመው ነበር። ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል። ሬዲዮ እጇን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከትታ ጫማዋን ታያለች።

«ሬዲዮ» አላት።

«ተወኝ» አለች። «የኔን ስንቴ መለስክብኝ? ሳለቅስ ታየኝ አልነበር? ያ ሁሉ ለኔ ብቻ ነው?» ድምፅዋ ተሰበረ። «አሁን የት ገብቼ ልሥራ?»

አለፈ።

ደረጃው አፍ ላይ ጋሼ ቆመው ነበር። እግራቸውን ወደፊት ዘርግተው፣ መልሰው ይሰበስባሉ። ከዚህ በፊት ደረጃውን በልምድ ነበር የሚወርዱት። ዛሬ ልምዱ የጠፋባቸው ይመስላሉ።

«ዋጠው ብዬህ ነበር» አሉ ሳይዞሩ።

«አልዋጥ አለኝ።»

«እኔ በሰው ፊት የዋሸሁት በዕድሜዬ ዛሬ ብቻ ነው። ያቺኑ ውሸትም አስጣልከኝ።»

«ጋሼ…»

«ይቅርታ እንዳትጠይቀኝ። ዛሬ የምሰጥህ የለኝም።» እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ። «ክንድህን አምጣ። ከእንግዲህ ከማን እደብቃለሁ?»

ክንዱን ሰጣቸው። ሠራተኛው ሁሉ እያየ መውረድ ጀመሩ። እሱ ከእግራቸው ዓይኑን ሳያነሣ በያንዳንዷ እርምጃ «ደረጃ» ይል ነበር። አንዱ የተሸረፈ ነበር፤ «ይኼ ተሸርፏል፣ ወደ ግንቡ ጠጋ ይበሉ» አላቸው። ጠጋ አሉ።

ታች ሲደርሱ ጋሼ ክንዱን ለቀቁ። ግንቡን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ወደ ውጪው በር ብቻቸውን ሄዱ። እሱ ከኋላ ተከተላቸው፤ ቢደናቀፉ በሚደርስበት ርቀት፣ ኮቴው እንዳይሰማቸው እግሩን ቀስ እያደረገ።